አሌፍና አልፍ፤ የዕብራይስጥ ፊደል በአገራችን ልጆች እጅ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሆነን ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፥ ብዙዎቻችን ስለ ዐድዋ ወይም ስለ ላሊበላ ለመጻፍ አስበን ነበር። ስለ እነዚህ ግን ከእኛ በፊት የነበሩት ደጋግመው ስለ ጻፉ፥ እኛ ከዚሁ ከጉለሌ ሳንርቅ ያገኘነውን ትንሽ ነገር ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወሰንን። የነገሩ መነሻ የአንዲት ሕፃን ጥያቄ ነው።

ቅዳሜ ጧት የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችን መጽሐፍ ቅዱስ እናስነብባለን። አንድ ቀን መዝሙረ ዳዊትን ስናገላብጥ፥ አንዲት ልጅ በ118ኛው መዝሙር ላይ ጣቷን አሳርፋ «አሌፍ ማን ነው?» ብላ ጠየቀችን። ከዚያ በታች ቤት፥ ጋሜል፥ ዳሌጥ እያለ ስለሚወርድ የሰው ስም መስሏት ኖሯል። እኛም «የዕብራይስጥ ፊደል ነው» ከማለት በቀር የምንመልሰው አልነበረንም። ይህ አሳፈረንና መጻሕፍት ማገላበጥ፥ መምህራንንም መጠየቅ ጀመርን።

መዝሙሩ በዕብራይስጥ አቆጣጠር 119ኛው ሲሆን 176 ቁጥሮች አሉት። እነዚህም በ22 ክፍል ተከፍለው ለያንዳንዱ ፊደል ስምንት ስምንት ይደርሱታል፤ በዕብራይስጡ በአሌፍ ክፍል ያሉት ስምንቱም ቁጥሮች በአሌፍ ይጀምራሉ፥ በቤት ክፍል ያሉትም በቤት፥ እንዲህ እያለ እስከ ታው ይደርሳል። ወደ ግዕዝ ሲተረጐም ይህ የመጀመሪያ ፊደል ጨዋታ ጠፋ፤ ስሞቹ ግን በየክፍሉ ራስ ላይ ቀሩ። ስለዚህ ዳዊት የደገመ ያገራችን ልጅ ሁሉ፥ ሳያውቀውም ቢሆን፥ የዕብራይስጥን ፊደል በስሙ ጠርቶታል ማለት ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አገኘን። የኔታ ልጆችን ፊደል ሲያስቆጥሩ በመጀመሪያ ሀ ሁ ሂ እያሉ ወደ ጎን፥ ቀጥሎ ሀ ለ ሐ መ እያሉ ቁልቁል ያስኬዷቸዋል። ልጁ በቃሉ እየዘመረ እንዳያታልል በስንደዶ ፊደሉን እየነካ እንዲያነብ ይደረጋል፤ ጣቱ ከአፉ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ይያዛል። ከዚያ በኋላ አቡጊዳ ይመጣል፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፥ ሐ ጡ ዪ ካ ሌ ም ኖ። እኛ በልጅነታችን ይህ ልጅ ማስጨነቂያ ይመስለን ነበር። አሁን ግን ከአሌፍ፥ ቤት፥ ጋሜል፥ ዳሌጥ፥ ሄ፥ ዋው፥ ዛይ አጠገብ ብናስቀምጠው ፊት ለፊት ተገጣጠመ! አቡጊዳ የዕብራይስጥን ተራ ይዞ፥ ሰባቱን ድምፆች ከግዕዝ እስከ ሳብዕ አንድ በአንድ ያሳልፋቸዋል። ሃያ ሁለቱ ካለቁ በኋላ ኀ፥ ጰ፥ ፀ፥ ፐ በመጨረሻ ይከተላሉ። ፒተር ዳንኤልስ የሚባል አሜሪካዊ የጽሕፈት ታሪክ ተመራማሪ በ1990 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይህን የኛን ቃል ወስዶ፥ እንደ ግዕዝና እንደ ሕንድ ፊደሎች ያሉትን ሁሉ «አቡጊዳ» ብሎ ስለ ሰየማቸው፥ ቃሉ ዛሬ በዓለም የቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ሆኗል።

ይህን ያየ ሰው «እንግዲያው ሀ ለ ሐ መ የሚለው ተራ የኋላ ነው» ሊል ይችላል፤ ከእኛም መካከል እንዲህ ብሎ የተከራከረ ነበረ። ነገር ግን በ1933 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቤት ሳሚስ በተገኘ አንድ የሸክላ ጽላት ላይ ፊደሉ በሀ ለ ሐ መ ተራ ተጽፎ መገኘቱን ሊቃውንት ከብዙ ዓመታት በኋላ ተረድተዋል። ጽላቱም ከንጉሥ ዳዊት ዘመን ይቀድማል። ሁለቱም ተራዎች ጥንታውያን ናቸው፤ የኛ ቆሎ ተማሪም ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ ይማራል።

ልጆቹ ግን ታሪክ አልጠገባቸውም፤ ፊደሉን እንድናሳያቸው ለመኑን። እንዴት እናስተምራቸው ብለን ስንጠይቅ፥ ዕብራውያን ራሳቸው ልጆቻቸውን ያስተማሩበትን መንገድ ፈለግን። በመካከለኛው ዘመን በጀርመንና በፈረንሳይ ይኖሩ የነበሩ አይሁድ ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መምህሩ ሲወስዱ፥ ፊደል በተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ማር ተቀብቶ ልጁ በምላሱ ይልሰው ነበር። በካይሮ በአንድ አሮጌ ምኵራብ ዕቃ ቤት ውስጥ ከተገኙት ብዙ ሺህ ቁራጭ ጽሑፎች መካከልም የልጆች ፊደል መማሪያ ገጾች አሉ፤ ፊደሉ በትልቁ ተነድፎ ልጁ ቀለም እንዲሞላው የተተወ ነው። በታልሙድም ጋሜልና ዳሌጥን ልጆች እንዴት እንደ ተረጐሟቸው ይተረካል፤ ጋሜል ቸር ሰው ነው፥ ዳሌጥ ድሃ ነው፥ ጋሜል እግሩን ወደ ዳሌጥ የዘረጋው ቸር ሰው ድሃውን ተከትሎ ስለሚሮጥ ነው ብለዋል። እኛ ከተማርንበት ከኵርኵምና ከአለንጋ ጋር ስናነጻጽረው ትንሽ ቀናን።

ማር ለሃያ ሰባት ልጆች ማዳረስ ከአቅማችን በላይ ስለ ሆነ ጭቃ መረጥን። በጉለሌ ሆኖ ጭቃ የሚፈልግ ሰው ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ ወደ ቀጨኔ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ሰፈራችን ይገባል። በቀጨኔ የሚኖሩ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ብዙዎቹ አባቶቻቸው ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። ከእነርሱም ከቤተ እስራኤል እንወለዳለን የሚሉ አሉ፤ በቅርብ ዘመንም አንዳንዶቹ የአይሁድን ጸሎት በይፋ ይዘዋል። የቀሩት ክርስቲያኖች ናቸው። ጀበናውንና ድስቱን ሁላችንም ከእነርሱ እንገዛለን፤ «ቡዳ» ብሎ የሚሸሻቸውም ያው ገዢው ነበረ።

የቤተ እስራኤልን ነገር ካነሣን፥ እነርሱም ኦሪትን የሚያነቡት በግዕዝ ነበር እንጂ ዕብራይስጥ አያውቁም ነበር። በ1867 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዮሴፍ ሃሌቪ የሚባለው የፈረንሳይ ሊቅ ሲጎበኛቸው፥ ነጭ አይሁዳዊ በዓለም መኖሩን ማመን አቅቷቸው እንደ ነበር ጽፏል። የሃሌቪ ተማሪ ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 መጣ። ሲመለስም ሁለት ወጣቶች ይዞ ወደ አውሮፓ ሄደ፤ አንደኛው በአዘዞ የተወለዱት ታምራት አማኑኤል ናቸው። ታምራት በአስመራ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። እኛም የሚስዮን ተማሪዎች ስለ ሆንን ይህን ስናነብ ቆም ብለን አሰብን። ሚስዮኖቹ ወደ ቤተ እስራኤል የሄዱት ፊደልና መጽሐፍ ይዘው ነው፤ የሄዱበት ዓላማ ግን ሃይማኖታቸውን ለማስለወጥ ነበር፤ ፋይትሎቪችም ሥራውን የጀመረው ይህን ለመቋቋም ነው። ለንባባችን ሚስዮኑን እናመሰግናለን፤ ይህን ግን ሸፍነን ብናልፍ ታሪክ ጻፍን ማለት አንችልም።

ታምራት በፓሪስና በፍሎረንስ ተምረው ተመለሱ። በ1923 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች በተከፈተው ትምህርት ቤት ዋና አስተማሪ ሆኑ፤ ዕብራይስጥም ከአማርኛ ጋር ይሰጥ ነበር። ጣልያን በ1936 ከተማውን ሲይዝ ትምህርት ቤቱ ፈረሰ። በኋላ በ1954 በአስመራ ሌላ ተከፈተ፤ በ1955ና በ1956 በጠቅላላው 27 ልጆች መምህራን ይሆኑ ዘንድ ወደ እስራኤል ተልከው ተማሩ። ከተመለሱትም በጎንደር መንደሮች ያስተማሩ ነበሩ። በ1991 ደግሞ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ጉዞ ይጠባበቁ የነበሩ ልጆች በተከፈተላቸው ትምህርት ቤት ፊደሉን ይማሩ ነበር፤ በግንቦት ወር በ36 ሰዓት ያህል ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ተወሰዱ።

ወደ ጭቃችን እንመለስ። ጭቃውን አምጥተን በጠረጴዛ ላይ ስናስቀምጥ ከልጆቹ አንዱ እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። ምን ሆንህ ብንለው፥ የቀጨኔ ጭቃ የነካ ይታመማል ብለው በቤት እንደ ነገሩት ተናገረ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን ተነሥታ፥ አንድ ቃል ሳትናገር፥ ጭቃውን በውሃ እያራሰች እንደ እባብ አድርጋ ትጠቀልለው ጀመር። እናቷ ሸክላ ሠሪ መሆኗን እኛም ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ልጁ ለጊዜው ዝም ብሎ አየ፤ የርሷ አሌፍ ቀጥ ብላ ስትቆምና የጓደኞቹ ስትፈርስ ግን «ለኔም አሳዪኝ» አላት።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀና። ዳሌጥና ሬስ በወረቀት ላይ ይመሳሰሉ ነበር፤ በጭቃ ሲሠሩ ግን የዳሌጥ ማዕዘን ጣት ይወጋል፥ የሬስ ትከሻ ክብ ነው፤ ልጆቹ ዐይናቸውን ጨፍነው ለዩዋቸው። ሄና ሔትም እንዲሁ፤ የሄ ግራ እግር ከጣራው ተለይታ ስለምትቆም ስንደዶ ያልፍባታል፥ በሔት ግን አያልፍም። ስሞቹን ለማስታወስ የግዕዙን ስሞች ሰጠናቸው፤ ቤት ያው ቤት ነው፥ ዔ ዐይን ነው፥ ሬስ ርእስ ነው፥ ፌም አፍ ነው። አሌፍ በሬ መሆኑን ስንነግራቸው የበሬውን ቀንድ ፈልገው አገኙት።

ያስቸገረን አንድ ነገር ብቻ ነው። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ ልጆቹ በየጊዜው ከግራ እየጀመሩ ያበላሹ ነበር። በቀኝ እጃቸው ክር አሰርንላቸው፤ አንዳንዴም ተቈጣናቸው። በኋላ እንዳነበብነው ግን በ1976 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በእስራኤል አገር ዒዝበት ሳርታ በተባለ ስፍራ የተገኘ፥ ወደ 3,000 ዓመት የሚሆነው የገል ስባሪ አለ፤ ከነስሕተቱ ሲታይ የፊደል ተማሪ እንደ ጻፈው ይገመታል። እርሱም ፊደሉን የደረደረው ከግራ ወደ ቀኝ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹን ይቅርታ ጠየቅናቸው።

ሃያ ሁለቱ ፊደሎች ከደረቁ በኋላ የልጅቱ እናት ከማሰሮዎቻቸው ጋር አብረው በኩበትና በጭራሮ ተኰሱልን። ገንዘብ እንስጥ ብንላቸው፥ «ተዉ ልጆቼ፤ ጀበና አይደለ፥ አይሸጥ» ብለው ሳቁብን። ከእሳቱ አሥራ ዘጠኙ በደኅና ወጡ። ጋሜል፥ ላሜድና ቆፍ ተሰነጠቁ፤ ጭቃውን ያልነካው ያ ልጅ ላሜድን እንደ ገና እሠራታለሁ ብሎ ጭቃ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።