መብራት ሲጠፋስ?

እማዬ ከሰዓት በኋላ የምትኖረው በጨለማ ነው። የኮንዶሚኒየማችን ሳሎን ወደ ምዕራብ ያያል፤ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትገባለች። እማዬ ደግሞ የዓይን ሞራ ከወጣላት ወዲህ ኃይለኛ ብርሃን አትችልም። ወፍራሙን መጋረጃ ትስባለች። ያኔ ግቢው ውስጥ የሚጫወቱትን ልጆች ማየትም ይቀርባታል፤ እሷን የሚያስከፋት ይሄ ነው።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደወለ። «በቁልፍ የሚጠቁር መስታወት እናስገባላት፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ።» ላጣራ ብዬ ብጀምር ነገሩ ረጅም ታሪክ ሆኖ ቁጭ አለ።

ሰው ብርሃንን እያስገባ ሙቀትንና የሰው ዓይንን ለመከልከል ሲታገል ኖሯል። የካይሮ አናጺዎች መሽረቢያ የሚባለውን የእንጨት ወንፊት በመስኮት ላይ ሠሩ፦ ከውስጥ ያለው ውጭውን ያያል፣ ከውጭ ያለው ግን ውስጡን አያይም። የጎንደር ነገሥታት ግንብ ደግሞ በወፍራም ግድግዳው ፀሐይን መከተ። ከዚያ የመስታወት ዘመን መጣ። በ1951 እ.ኤ.አ. ሚስ ቫን ደር ሮህ ኢሊኖይ ውስጥ ለዶክተር ኢዲት ፋርንስወርዝ ዙሪያውን መስታወት የሆነ ቤት ሠራላት። ቤቱ በዓለም ታወቀ፤ ባለቤቲቱ ግን በሙቀቱና ገመናዋ በመጋለጡ ተማረረች። ከአርክቴክቱ ጋርም ፍርድ ቤት ተካሰሱ።

መፍትሔው ከኬሚስትሪ መጣ። በ1969 ሳትየን ዴብ የተንግስተን ኦክሳይድ ስስ ሽፋን በኤሌክትሪክ ቀለሙን እንደሚለውጥ የሚያሳይ ጥናት አሳተመ። አሠራሩ ከባትሪ ጋር ይመሳሰላል፦ አነስተኛ ቮልቴጅ ኤሌክትሮኖችንና እንደ ሊቲየም ያሉ አዮኖችን ወደ ሽፋኑ ሲገፋ መስታወቱ ሰማያዊ እየሆነ ይጠቁራል፤ ሲገለበጥ ይጠራል። በ1980ዎቹ ስዊድናዊው ፊዚሲስት ክሌስ ግራንክቪስት «ስማርት መስኮት» የሚለውን ስም አስለመደ።

እኛም አገር ብዙ ሰው ሳያውቀው አይቶታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. ቦይንግ 787ን ከአፍሪካ ቀድሞ ሲረከብ፣ የአውሮፕላኑ መስኮት የሚወርድ መዝጊያ አልነበረውም፤ ከሥሩ ቁልፍ እንጂ። ኬሚካሉ ከቤቱ መስታወት ይለያል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ታዲያ ለእማዬ ይሆናል? ጥቅሙ እውነት ነው። ፀሐዩ ይበርዳል፣ ልጆቹም ይታያሉ። ኤሌክትሪክ በዋናነት የሚፈልገው ቀለሙን ሲቀይር ስለሆነ ብዙ አይበላም። ጉዳቱም እውነት ነው። ውድ ነው፤ ሽቦ ይፈልጋል። ለመጥቆር ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ማታ ሳሎን መብራት ከበራ፣ በጣም ጠቁሮም ቢሆን ከውጭ ሊታይ ይችላል። ሲበላሽ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ካለው መስታወት ቆራጭ ጋር ሄደህ አታሠራውም። እንደ ወተት የሚነጣው ሌላው ዓይነት ይባስ፦ እሱ ጥርት ብሎ የሚቆየው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

የፓሪሱ የአረብ ዓለም ተቋምም ያስተምራል። ዣን ኑቬል በ1987 ከመሽረቢያ ተነስቶ፣ እንደ ካሜራ ዓይን በብርሃን መጠን የሚከፈቱና የሚዘጉ 240 ፓነሎች ደቡባዊ ፊቱ ላይ ገጠመ። ሲያዩት ያስደንቃል። በጊዜ ብዛት ግን ብዙዎቹ መንቀሳቀስ አቆሙ። የካይሮው እንጨት የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ይህ ችግር አልነበረበትም።

ይህን ሁሉ ለእማዬ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦

«መብራት ሲጠፋስ?»

«እስኪመጣ መቀየር አትችይም።»

«እንግዲያው መጋረጃዬ ይሻለኛል። እሱን በእጄ ነው የምስበው።»

እኔም ገባኝ። ጥያቄዋ ስለ ቴክኖሎጂ አልነበረም፤ የብርሃኑ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን ነው። ልጆቿ በሩቅም በቅርብም ሆነን ስለ ዓይኗ ስንወስን፣ እሷን ማንም አልጠየቃትም ነበር።

ከወንድሜ ጋር ተነጋግረን፣ በረንዳው ላይ ከመስታወቱ ውጭ የሚንጠለጠል የቀርከሃ መጋረጃ አሠራን። ፀሐዩን መስታወቱ ሳይግል በፊት ይይዘዋል። ገመዱ ከእማዬ ወንበር አጠገብ ነው።

ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ስገባ በቀርከሃው ክፍተት ቁልቁል እያየች ነበር። «ያ ትንሹ ልጅ ዛሬም ኳሱን ቀሟቸዋል» አለችኝ።