የከሸፈውን ያስተኮሱ እጆች

አያቴ ምንሽራቸው በከሸፈ ቀን ፊታቸው ምን ይመስል እንደነበር ዛሬም አልረሳሁትም። መርሳ አጠገብ፣ ሀብሩ ውስጥ፣ የጎረቤት ሠርግ ነበር። ሙሽራው ሲገባ እንደ ወጉ ሊተኩሱ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አንሥተው ምላጩን ሳቡ። «ጠቅ» አለና ዝም። እንደገና ሳቡ፤ እንደገና «ጠቅ»። ከዳሱ ውስጥ አንዲት ሴት ፍርስ ብላ ሳቀች። አያቴ ጠመንጃውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግሥቱ እኔን አስከትለው ወደ ባለእጁ ቤት ወረዱ። ሰባት ዓመቴ ነው። ጀምበር እስክትጠልቅ የጠበቁት ሰው እንዳያያቸው መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከደጁ ራቅ ብሎ ካለ ዛፍ ሥር ቆመው ተጣሩ እንጂ ወደ ውስጥ አልዘለቁም። ባለእጁ ወጥተው እጅ ነሡ። (ዛሬ «እሳቸው» እላለሁ፤ ያኔ በእኛ ቤት «እሱ» ነበሩ።)

«ምን ሆነ ጌታዬ?»

«ከሸፈብኝ።»

«ያልፈነዳውን ጥይት ይዘዋል?»

አያቴ ከዝናራቸው አውጥተው ወረወሩላቸው። ባለእጁ ከመሬት አንሥተው ኩራዝ አስመጡና የጥይቱን ቂጥ አገላብጠው አዩት። በኋላ እንደገባኝ ከሆነ የመርፌው ምልክት ጠልቆ ቢታይ ጥፋቱ የጥይቱ ነው፤ አርጅቷል ወይም እርጥበት ጠጥቷል። ምልክቱ ፈዝዞ ቢታይ ግን ጥፋቱ የጠመንጃው ነው፤ መርፌው ዶልዱሟል ወይም ሞላው ዝሏል። ሐኪም «ምላስህን አውጣ» እንደሚለው መሆኑ ነው። «መርፌው ነው ጌታዬ፤ አብሽር፣ ይድናል» አሉ። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው አንድ ብርቱካን አመጡና ለእኔ ሰጡኝ። የመርሳ ብርቱካን! ገና ልልጠው ስል አያቴ ከእጄ ነጥቀው ወደ ጫካው ወረወሩት። ባለእጁ አዩ፤ ምንም አላሉም። ማታ አያቴ እናቴን ጠርተው «ይህን ልጅ አጫጭሱት፤ ቡዳ ቤት ደርሶ ነው የመጣው» አሏት።

ጠመንጃው ከሳምንት በኋላ ተኮሰ።

ስለ ጠመንጃ ታሪካችን የተጻፈውን ባገላበጥሁ ቁጥር ያ ብርቱካን ይታወሰኛል። ማን እንደሸጠልን፣ ማን እንደገዛው፣ ማን ታጥቆ እንደዘመተ ይነገረናል። የተሰበረውን ማን እንደጠገነው ግን አንድ መስመር ማግኘት ጭንቅ ነው። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ ወደዚህ አገር የገባው ጠመንጃ በአብዛኛው ባለቤቱ የጣለው ጠመንጃ ነበርና።

ነገሩን ከዚያው ከወሎ ልጀምር። ዐፄ ቴዎድሮስ የባዝል ሚስዮናውያንን ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አስቀምጠው መድፍ እንዳሠሯቸው ማንም ያውቃል። ቫልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ሞሪትዝ ሆል እያልን የፈረንጆቹን ስም እንቆጥራለን። ወናፍ የነፉት፣ ከሰል የከሰሉት፣ ናሱን ያቀለጡት ኢትዮጵያውያን ስማቸው የት አለ? ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት ወራት ሙሉ ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ላይ ጦርነት ሲገጠም ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ከልክ በላይ ባሩድ ጎርሶ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ከወዲያ በኩል እንግሊዞቹ አዲስ ነገር ይዘው መጥተው ነበር፤ ከኋላ የሚጎርሰውን ሰናድር። ሰናድር ራሱ በአፈሙዝ ይጎርስ የነበረው የኤንፊልድ ጠመንጃ ቂጡ ተቆርጦ የተቀየረ ነው፤ የጥገና ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ከሰዓት በኋላ ከቴዎድሮስ ወገን 700 ያህል ሰው ወደቀ፤ ከእንግሊዞች የሞቱት ቆስለው የነበሩ 2 ሰዎች ናቸው። ናፒየር ሲመለስ መንገድ ለለቀቁለት ለደጃዝማች ካሳ፣ ለኋላው ዐፄ ዮሐንስ፣ መድፍና ጠመንጃ ትቶ ሄደ።

ቀጥሎ የመጣው ነጋዴ ነው፤ ከነጋዴዎቹም ስሙ የገነነው ባለቅኔው አርተር ራምቦ ነው። ፈረንሳዮች ስለ ግጥሙ ብዙ ይላሉ፤ እኔን የሚያስገርመኝ ሒሳቡ ነው። በ1878 ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ የሚሸጣቸው ጠመንጃዎች ከ40 ዓመት በፊት ከሠራዊት የተወገዱ፣ ካፕሱል እየተሰካ የሚተኮሱ አሮጌዎች መሆናቸውን አልደበቀም። ሊዬዥ ከተማ ካሉ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች አንዱ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገኛል፤ ለሸዋው ንጉሥ ግን ወደ 40 ፍራንክ ይሸጣል። ወደ 2000 የሚሆን ጠመንጃ ይዞ ከታጁራ ተነሥቶ በ1879 አንኮበር ደረሰ፤ ምኒልክም ዋጋውን ቆርጠው፣ ዕዳ ቆጥረው፣ እንጦጦ ላይ አለቅጥ አረከሱበት። ነጋዴውን ነገዱበት! እንዲያም ሆኖ እነዚያ አሮጌ ብረቶች አገር ገቡ። ሊዬዥ ውስጥ በብረት ዋጋ የወደቀ ጠመንጃ እዚህ ተኮሰ ሲባል በመካከሉ አንድ ሰው ሞረድና መዶሻ ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው።

ውጅግራም ከዚያው ወገን ነው። ስሙ ፉዚል ግራ ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ሲሆን በ1874 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣ፣ አንዳንድ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ፈረንሳይ በ1886 ለበንን ስትይዝ ግራ ሥራ ፈታ፤ ሥራ የፈታው ሁሉ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወረደ። ጥይቱ እንኳ በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሆነ። አሞሌ ጨው ከብር በታች ያለውን ዕቃ እንደሚገዛው ሁሉ ጥይትም ይገዛ ነበር። የተተኮሰውም ቀለህ አይጣልም፤ ተለቅሞ እንደገና ይሞላል። እንደገና የተሞላ ጥይት ደግሞ እንደ አዲሱ አይታመንም፤ አንዱ ይከሽፋል፣ አንዱ አብጦ ቀለሁ ውስጥ ይነክሳል። የባለእጁ ሥራ በዛ።

ከመርሳ ወደ ደሴ ሲወርዱ ውርጌሳን አልፈው ውጫሌ ይገኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ያ ውል የተፈረመበት አምባሰል ማለት ነው። ስለ 17ኛው አንቀጽ ብዙ ተብሏል፤ አልደግመውም። የሚረሳው ነገር ጣሊያን ከውሉ አስቀድማ በ1880 በአንቶኔሊ በኩል 5000 ሬሚንግተን ለምኒልክ ለመስጠት መዋዋሏ ነው። ከ8 ዓመት በኋላ በጥቅምት 1888 ሠራዊቱ ወረኢሉ ላይ ሲከት በየትከሻው ሬሚንግተን ነበር፣ ውጅግራ ነበር፣ ሰናድር ነበር፣ ቬተርሊ ነበር። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ዘመናዊ ጦር አንድ ዓይነት ጠመንጃ፣ አንድ ዓይነት ጥይት ይላል። እኛ ዓድዋ የሄድነው የአውሮፓን የጓዳ ዕቃ በሙሉ ተሸክመን ነው። ይህ ቅይጥ በ1928 ማይጨው ላይም አልቀረልንም፤ ያኔ ግን ከላይ አውሮፕላንና መርዝ ስለነበረ ጥገና የሚያድነው አልሆነም።

የዓድዋ ድል የአንጥረኛ ድል ነው ልል አይደለም፤ እንዲህ ያለ ማጋነን አልወድም። ነገር ግን ምኒልክ ራሳቸው ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል። በ1900 ባወጡት አዋጅ ባለእጁን በሥራው መስደብ ክልክል መሆኑን፣ የሚሳደብም እንደሚቀጣ አስነገሩ። አያቴ ብርቱካኔን የወረወሩት አዋጁ ከተነገረ 90 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው።

ቋንቋችን ግን የባለእጁን ቃል ሳያፍር ይዞታል። «ከሸፈ» እንላለን። ጥይቱም ይከሽፋል፣ ሤራውም ይከሽፋል፣ መፈንቅለ መንግሥቱም ይከሽፋል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2005 ያሳተሙት መጽሐፍ «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» ይባላል። ጠቅ ብሎ ዝም የማለትን ነገር እንደ ጠመንጃ የሚያስረዳ ዕቃ አልተገኘም መሰለኝ።

ባለፈው ዓመት ወልድያ ለሥራ ሄጄ መርሳ ጎራ አልሁ። ባለእጁ ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጃቸውን አገኘኋቸው። እሳቸውም አርጅተዋል። የብረት በርና አልጋ ይበይዳሉ። ጠመንጃ አይነኩም፤ በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መጠገንን ይከለክላል፤ «እኔም ተውሁት፤ ሰው ይዞ የሚመጣው ክላሽ ነው፣ ክላሽ ደግሞ ወግ የለውም» አሉኝ። ወግ የለውም ያሉት አልገባኝምና ጠየቅኋቸው። «በእጅ የተሠራ ቦታ የለውማ! አባቴ ያበጃት ምንሽር ብትሰጠኝ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃታለሁ» አሉ። የማን ልጅ እንደሆንሁ አልነገርኋቸውም ነበር። ነገርኋቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ቡና አፍሊ፤ እንግዳ ነው» አሉ። ሦስቱንም ስኒ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ እዚያው ብየዳው አጠገብ ጠጣሁ። ስለ ብርቱካኑ ላነሣ ፈልጌ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። የሚያስታውሱት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር፤ ለካስ አይደለሁም። «እርስዎ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበሩ፤ አባቴ ሲያወሩ እሰማ ነበር» አሉኝ። ከዚያ በላይ አላወሩም።

«ጠመንጃይቱስ?» አሉ ስነሣ።

የሕወሓት ጦር ነሐሴ 2013 ወልድያና መርሳ ሲገባ አጎቴ ይዟት ወደ ተራራው ወጥቶ ነበር። ታኅሣሥ 2014 ጦሩ ሲወጣ አጎቴ ተመለሰ፤ ምንሽሯ አልተመለሰችም። ማን እጅ እንደገባች አናውቅም። ይህንኑ አጫወትኋቸው።

«ተኩሳለት ነበር?»

«አንድ ቀን እንኳ አልከሸፈችብኝም ብሏል።»

ሽማግሌው መበየጃቸውን አንሥተው መነጽራቸውን አወረዱ። «መርፌዋ የኛ ነው» አሉ።