ጋቢ፣ ካሴትና የአውራ ዶሮ ድምፅ

በኢትዮጵያ ከማውቃቸው የቤት ውስጥ የድምፅ ቀረጻዎች ሁሉ የሚቀድመው የቱ ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ወዳጅ፣ «በአጼ ምኒልክ ቤት የተደረገው» ብዬ እመልስለታለሁ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ። ባንክ ቤት ተቀምጦ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ሲያስታርቅ የዋለ ሰው፣ ማታ ደግሞ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆቹ ያንኑ ይሥራ ማለት ግፍ ነው።) የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ሰላምታቸውን በሰም ሲሊንደር ላይ አስቀርጸው ወደ አዲስ አበባ ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱ ድምፁን ደጋግመው አደመጡ፤ ለክብሩም መድፍ አስተኮሱ። በተከታዩ ዓመት እሳቸውና እቴጌ ጣይቱ በተራቸው መልሳቸውን ተናግረው አስቀረጹ። የንግሥቲቱ ሲሊንደር ከተደመጠ በኋላ እንዲሰበር አስቀድሞ ታዝዞ ነበርና የለም። የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን በጭረትና በፉጨት ተሸፍኖም ቢሆን ዛሬም ይሰማል።

ያንን ቅጂ ባደመጥሁ ቁጥር የሚያስገርመኝ ፖለቲካው አይደለም። ዓድዋ ላይ ያልደነገጡ ሰዎች ከአንድ የብረት ቀንድ ፊት ቆመው ምን ተሰማቸው እያልሁ አስባለሁ። ማይክሮፎን ፊት የቆመ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ድምፅህ ከአፍህ ሲወጣ ያንተ ነው፣ ከማሽኑ ተመልሶ ሲመጣ ግን የማታውቀው አጎትህ ድምፅ ይመስልሃል።

ቀጥሎ የሚመጡት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። የቅኔና የጨዋታ ሰው የነበሩት ተሰማ ወደ ጀርመን የተላኩት ስለ አውቶሞቢል እንዲማሩ ነበር። በ1908 ገደማ ግን በርሊን ላይ ድምፃቸውን አስቀርጸው የኢትዮጵያ ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ እንዲወጣ አደረጉ። ለመኪና ሄዶ በዘፈን መታወቅ! የዛሬ የዕቃ ወዳጆች ሁሉ የትውልድ ሐረጋችን ከዚህ የሚጀምር ይመስለኛል። የመጋረጃ ዘንግ ሊገዛ ወደ ገበያ ወጥቶ የማይክሮፎን መቆሚያ ተሸክሞ የሚመለስ ሰው እኔ የምኖርበት ቤት ውስጥ አለና።

እንግዲህ መቅረጫው ያለው ወይ ቤተ መንግሥት፣ ወይ በርሊን ነው። ወደ አንድ ተራ ሰው ክፍል እስኪደርስ ረጅም ዘመን ፈጅቷል፤ መንገዱን የዘጋውም የዕቃው ውድነት ብቻ አልነበረም። በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትንና የማሳተምን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ ድንጋጌውን ወደ ጎን ትቶ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀረጸና ሕንድ አገር አሳተመ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አወጣ። ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» እያለ የሚያመሰግነው ሙዚቃ ትልቁ ክፍሉ በሕግ ፊት ሲታይ ኮንትሮባንድ ነበር ማለት ነው። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው አያምኑኝም፤ የደንብ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ካሴት መጣ። ስለ ካሴት ስጽፍ ብዕሬን መግታት ይቸግረኛል።

ሸክላ የሚታተመው ውጭ አገር፣ በገንዘብና በመርከብ ነበር። ካሴት ግን ባለ ሁለት ማጫወቻ ቴፕ ያለው ማንም ሰው ሳሎኑ ውስጥ ያባዛዋል። ደርግ ሰዓት እላፊ ጥሎ ከተማው ከምሽት ክበብ ወደ ቤቱ ሲገባ ሙዚቃውም አብሮት ገባ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላ ሞተ፣ ካሴት ነገሠ። የኪሮስ ዓለማየሁ ዜማ አንዲት የትግርኛ ቃል የማይሰማ ቤት ውስጥ ሳይቀር የገባው በካሴት ጀርባ ነው። የመቅረጽ ሥልጣንም ለመጀመሪያ ጊዜ በእያንዳንዱ ቤት ጣት ሥር ወደቀ። ቀዩን ቁልፍና የማጫወቻውን ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ብቻ ነበር የሚጠበቀው። አምራቹ እንዳይጠፋበት ብሎ ጥርሷን የሰበረላትን ካሴት በማስቲካ ወረቀት ጠቅጥቀን፣ በታላቅ ድምፃዊ ላይ የእህታችንን ልደት ቀርጸናል። የላላውን ክር በእስክሪብቶ ያጠነጠነ አንባቢ የምለውን ያውቃል።

የካሴት ደብዳቤ የሚባልም ነገር ነበር። ወደ ውጭ የተሰደደ ዘመድ ላለው ቤተሰብ ወረቀት አይበቃውም። ቴፑ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ሁሉም በተራ ይናገራል። አያት ማሽኑን በአክብሮት «እንደምን ሰነበትክ» ብላ መልሱን ትጠብቃለች። ዝምታውም አብሮ ይቀረጻል። ከእኛ ቤት ተርፎ የቀረ አንድ እንዲህ ያለ ካሴት አለ፤ ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ አንድ ቤት ውስጥ የሆነውን ግን ብዙዎቻችን ያወቅነው ዘግይተን ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የመጀመሪያ ሸክላቸውን በ1967 በጀርመን አሳትመው ነበር። ዓለም የሚያውቃቸው በፒያኖ እንጂ በድምፃቸው አልነበረም። ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት ውስጥ ግን በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየመቱ፣ ራሳቸው በአማርኛ እያንጎራጎሩ፣ በተራ የቤት ቴፕ ላይ ድምፃቸውን ይቀርጹ ነበር። ስቱዲዮ የለም፣ ባለሙያ የለም፣ አድማጭም የለም። ውጭ አብዮት ነው፤ ሰው ይታሰራል፣ ይሰደዳል። ዜማዎቹ ስለ ስደትና ስለ ናፍቆት ናቸው። ዘማሪዋ ግን ገና ከአገር አልወጡም፤ ከመሄዳቸው በፊት ናፈቁ። በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፣ በ2023 በ99 ዓመታቸው እዚያው ዐረፉ። ካሴቶቹ ተሰብስበው በሸክላ የታተሙት በ2024 ነው።

በዚያ ሸክላ ውስጥ ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይሰማሉ። ይህን ስሰማ ተነሥቼ ቆምሁ። እኔ መቐለ ውስጥ ባለች ክፍሌ ግጥም በክራር አጅቤ ለመቅረጽ ያልሞከርሁት ዘዴ የለም። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ ለጥፌአለሁ፤ ድምፅ ይውጣል ያለኝ ሰው ነበር፣ የሚውጠው ግን አቧራ ብቻ ነው። ካርቶን ቀላል ስለሆነ የውጭውን ጫጫታ አያቆምም፤ ቢበዛ የክፍሉን የራሱን ማስተጋባት ትንሽ ያለዝባል። ጋቢ ተከናንቤም ቀርጫለሁ፤ ይህኛው በእውነት ይሠራል፣ ወፍራም ጨርቅ የገደል ማሚቶውን ይበላዋልና። ጉዳቱ ከሦስተኛው ስንኝ በኋላ አየር ማለቁ ነው። ለኮምፒውተሩ የድምፅ ካርድ፣ ለካርዱ ገመድ፣ ለገመዱ ማገናኛ ገዝቻለሁ። ክራሩን ስመታ ድምፁ በጆሮዬ የሚደርሰኝ ዘግይቶ ስለሆነ ከራሴ ጋር በቅብብሎሽ የምዘፍን እስኪመስለኝ ድረስ ስታገል ከርሜአለሁ። ይህ ሁሉ ተሰናድቶ ሲያበቃ የጎረቤቴ አውራ ዶሮ ይጮኻል። እማሆይ ወፎቹን ያባረሩ አይመስለኝም። እኔም ከዚያ ወዲህ ዶሮውን ትቼዋለሁ፤ በሁለት ግጥሞቼ ውስጥ በግልጽ ይሰማል፣ በአንዱማ ቤት በሚመታበት ቦታ ነው የገባው።

ኃይሉ መርጊያን የማነሣው በዕቃ ብዛት ለምንሰክር ሁሉ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ የሚያውቀው ሰው ትንሽ ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽኑን ብቻውን ተጫውቶ አንድ ካሴት አወጣ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን በታክሲው የዕቃ ማስቀመጫ ይዞ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ይለማመድ ነበር። በ2013 አንድ አሜሪካዊ ካሴት ለቃሚ ያቺን ሥራ ባሕር ዳር ከአሮጌ ካሴቶች መካከል አገኛትና እንደገና ታተመች። ሰውየውም ወደ መድረክ ተመለሰ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ጀግና ባሕር ዳር ያለው ስሙን የማናውቀው የካሴት ሻጭ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ያቺን ካሴት አልጣላትም።

የእኛ ከተማ ታሪክ አጭር ነው፤ አጭር ያደረግሁትም ሆን ብዬ ነው። ከ2021 ሰኔ እስከ 2022 መገባደጃ በትግራይ ባንኮች ተዘግተው፣ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። መብራቱ ሲመጣ ደስታ፣ ሲሄድ ልማድ ሆነ። ባንክ ሲዘጋ የባንክ ሠራተኛ ምን እንደሚሠራ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ግጥም ይጽፋል። ስልክ ደግሞ ከስልክነቱ ተሽሮ የእጅ ባትሪና የድምፅ መቅረጫ ብቻ ሆነ። ሶላር ያለው ጎረቤት ግቢ ቻርጅ ሊያደርግ የመጣ ሰው፣ ባትሪው እስኪሞላ ድረስ ተቀምጦ ያወራል፤ አንዳንዱም ያዜማል። አንዲት እናት ሱዳን ለተሰደደ ልጃቸው ድምፅ ልተውለት ብለው ጠየቁኝ። መንገዱ ሲከፈት ትልክልኛለህ አሉኝ። «እሺ እማማ» አልሁና ስልኬን አቀረብሁላቸው። «እንደምን አለህ ልጄ» ካሉ በኋላ ዝም አሉ፤ መልስ ይጠብቁ ነበር። እኔም አላቋረጥኋቸውም።

ያ ፋይል በመጨረሻ ሄዷል። ርዝመቱ አራት ደቂቃ ሲሆን ወደ አንድ ደቂቃ የሚጠጋው ዝምታ ነው። በቀረጻ መርሐ ግብር ላይ ብከፍተው፣ ባዶውን ቦታ ቆርጦ የሚጥል አንድ ቁልፍ እንዳለ አውቃለሁ።

የቤታችን ካሴት ግን እስካሁን ድምፅ አላሰማም። ክሩ ደኅና ነው፣ ሻጋታም አልያዘውም፤ የጎደለው የሚያጫውተው ነው። ከሰፈራችን ወረድ ብሎ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አሉ። አሮጌውን ቴፓችንን ከፍተው ካዩት በኋላ ሞተሩ እንደሚዞር፣ የላላችው ግን ማሽከርከሪያዋ ጎማ መሆኗን ነገሩኝ። ልኳን ፈልገው ካገኙ ቅዳሜ ከሰዓት እንድመጣ፣ ካሴቱንም አስቀድሜ ወደ ኋላ አጠንጥኜ እንዳመጣ አዝዘውኛል። እስክሪብቶ ከመሥሪያ ቤት ይዤ መጥቻለሁ።