ማግኔታዊ ኦክሳይዶችና የኮምፒውተር ስሌት

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ ለሚታየው ቀይ አፈር ቀለሙን የሚሰጡት ሄማታይትን የመሳሰሉ የብረት ኦክሳይዶች ናቸው። በሄማታይት ውስጥ ለሁለት የብረት አቶሞች ሦስት የኦክስጅን አቶሞች ይገኛሉ። ሦስት የብረት አቶሞች ከአራት የኦክስጅን አቶሞች ጋር ሲጣመሩ ደግሞ ማግኔታይት ይፈጠራል።

የሁለቱ ጠባይ እጅግ ይለያያል። የሄማታይት ማግኔታዊነት ደካማ ሲሆን ማግኔታይት ብረትን አጥብቆ ይስባል፤ ይህ ኃይሉ የሚጠፋው ሙቀቱ 585 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው።

ተመራማሪዎች አዲስ ኦክሳይድ ከመሥራታቸው በፊት የኤሌክትሮኖቹን ሁኔታ በኮምፒውተር ያሰላሉ። የስሌቱ መሠረት የተጣለው በ1964 እና በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ዋልተር ኮን በ1998 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ስሌቱ ግን ይሳሳታል። ቀላሉ ዘዴ፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈውን ኮባልት ኦክሳይድ አስተላላፊ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ማሻሻያ ይታከልበታል፤ ውጤቱም በቤተ ሙከራ ይፈተሻል።

በአሲዳማ መሬት የብረት ኦክሳይድ የማዳበሪያውን ፎስፈረስ ይዞ ሰብሉን ያስርባል። ፎስፈረሱ በኦክሳይዱ ገጽ ላይ የሚጣበቅበት መንገድም በዚሁ ስሌት ይጠናል። የማሳው የኖራ መጠን የሚወሰነው ግን በአፈር ምርመራ ነው።