የጮኸው የእኔ፣ የነከሰው የማን?

በማክሰኝትና በአካባቢዋ ላደገ ሰው የቆሎ ተማሪና ውሻ የማይታረቁ ጎረቤታሞች ናቸው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ጨብጦ ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ውሻው ካጥሩ ሥር ተፈትልኮ ይወጣል። ባለቤቱ ከተቀመጠበት ሳይነሣ «ግባ የኔ ልጅ፣ አይናከስም!» ይላል። ውሻው የጌታውን ቃል አፍርሶ የልጁን ባት የያዘ እንደሆነ ግን ወሬው ወዲያው ይለወጣል። «ኧረ የእኛ አይደለም፤ ዝም ብሎ እዚህ የሚውል ነው» ይባላል።

እንግዲህ የእኛና የውሻ ታሪክ ባጭሩ ይኸው ነው። ጩኸቱ ባለቤት አለው፤ ንክሻው ባለቤት የለውም።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እና በ1771 ጎንደር በነበረበት ጊዜ አዳኝ ውሾች ነበሩት። ራስ ሚካኤል ስሑል ባላንጣዎቻቸውን የሚቀጡበት፣ የተገደሉት ሰዎች ሬሳ በየመንገዱ የሚጣልበት ክፉ ዘመን ነበር። ብሩስ በጉዞ መጽሐፉ እንደጻፈው፣ አሽከሮቹ በቸልታ ውሾቹን ሁለት ጊዜ ለቀቋቸው፤ ውሾቹም የሟቾችን ራስና ክንድ እየጎተቱ ግቢው ድረስ አመጡበት። ውሾቹን ከማጥፋት በቀር ይህን ማስቆሚያ እንዳልነበረውም ይናገራል። ልብ በሉ! ውሾቹን የለቀቀው ሰው ነው፤ ሞት የሚታሰብለት ግን ውሻው ነው። ይህ ፍርድ ከዚያም ወዲህ ብዙ ጊዜ ተደግሟል። በከተሞቻችን «ውሻ በዛ» በተባለ ቁጥር ቶሎ የሚታወሰው መርዝ ነው።

ከንክሻው የባሰው ደግሞ ከንክሻው ጋር የሚመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ ተነሥቶ እንደነበር ተመዝግቧል። በ1903 ደግሞ ተራው የአዲስ አበባ ሆነ። አባቶቻችን በሽታውን በደንብ ያውቁታል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ለዚህ በሽታ ባህላዊ መድኃኒት ሲፈለግለት ኖሯል። ዕፅ ተበጥሷል፣ ጸሎት ተደርሷል፣ ጠበል ተጠምቋል። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ይህ ሁሉ ድካም ለተነከሰው ሰው ነው። ለውሻውና ለውሻው ባለቤት የታዘዘ ነገር የለም።

ሉዊ ፓስተር ዘጠኝ ዓመት ለሆነው፣ ውሻ ለነከሰው ጆሴፍ ማይስተር ክትባት የሰጠው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 ነው፤ የበጌምድሩ ወረርሽኝ በተመዘገበ በዓመቱ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ክትባቱ ለሰውም ለውሻም ሆነ። ዛሬ በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጁ በውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን፣ ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። መርዙስ? መርዝ የተከተበውንም ያልተከተበውንም ይገድላል፤ በባዶው ቦታ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይገባበታል።

«ምን ላድርግ፣ አምልጦኝ ነው» የሚል ሰው ደግሞ ሕጉን ይጠይቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት ያመለጠ ቢሆን እንኳ። እንግዲህ «የሚውል ነው» ማለት ጎረቤትን ያታልል ይሆናል እንጂ ዕዳ አይሰርዝም።

ለመሆኑ ውሻ ያለው ሰው ምን ይጠበቅበታል? ብዙ አይደለም። በየዓመቱ ማስከተብ፣ አጥሩን መድፈን፣ ቀን ማሰር፣ ጠግቦ እንዲያድር መመገብ፣ የማያሳድጋቸውን ቡችሎች ገበያ ዳር አለመጣል። ሰው ከነከሰ ደግሞ ሳይደብቁ «የእኔ ነው» ማለት። ቁስሉ ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ነው። ጠበሉ አይቀርም፤ ክትባቱም አይቅር።

ያ የቆሎ ተማሪ እናቱ አጠገቡ የለችም። ቁስሉን በደበሎው ሸፍኖ ወደ ጎጆው ይመለሳል። በሽታው ወዲያው አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ልጁ በሚያጣጥርበት ቀን የውሻው ባለቤት ነገሩን ረስቶታል፤ ምናልባት ለሌላ ተማሪ «ግባ፣ አይናከስም!» እያለ ይሆናል።

ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች ይባላል። ውሻውስ ጥርሱን ውጭ የሚያሳድረው ማንን ተማምኖ ነው? «የእኔ አይደለም» የሚለውን ጌታውን ነዋ!