መምታት ወይስ መግረፍ?
የፍላሜንኮ ጊታር ሲነሳ «ራስጌያዶ» የሚለው የስፓኝ ቃል አይቀርም፤ እኛ ደግሞ ሁሉንም «ጊታር መታ» ብለን እንጠቀልለዋለን። እጅ ግን አይቀላቅለውም። በክላሲካል አጨዋወት ጣት ክሩን ወደ መዳፍ ይስባል፤ የሚያጥፈው ጡንቻ በክንድ የውስጥ ገጽ ነው። በራስጌያዶ ጣቶች ተራ በተራ ወደ ውጭ ይፈናጠራሉ፤ የሚዘረጋቸው ጡንቻ በክንድ ጀርባ ነው። (የቀለበት ጣት የሚያስቸግረው ጅማቱ ከጎረቤቶቹ ጋር ስለተያያዘ ነው።) ለመጀመሪያው «መደርደር» አለን፤ ለሁለተኛው ከበገና አጨዋወት «ግርፍ»ን እመርጣለሁ። «ግርፍ ቅጣት ነው» ለሚል፣ መምታትስ ምን ተሻለ? በገና ላይ የሚገርፈው ቀንድ ወይም እንጨት እንጂ ጥፍር አይደለም የሚለው ሙግት ግን ያስኬዳል፤ ስለዚህ «የጣት ግርፍ» ይባል። እንደ አምባሰል ያሉ ቅኝቶችን በጊታር የምታስተምሩ፣ ድርደራውንና ግርፉን ለይታችሁ ጻፉልን።