የኮርዶባ ዓምዶች

በእስፓንያ ምድር፥ በጓዳልኪቪር ወንዝ ዳር በተመሠረተችው በኮርዶባ ከተማ፥ አሚር አብዱራህማን ቀዳማዊ በ785 ገደማ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ያስጀመረው ታላቅ መስጊድ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ዓምዶቹ ከ850 ይበልጣሉ፤ ብዙዎቹም ከሮማውያንና ከጎቶች ፍርስራሽ የተለቀሙ ስለ ሆኑ፥ ቀለማቸውም ቁመታቸውም አንድ አይደለም። እኔና ባለቤቴ፥ ጕልበታችን እንደ ወጣትነቱ ባለመሆኑ፥ በብርቱካኑ ዛፍ ጥላ ጥቂት ዐርፈን፥ ዓምድ በዓምድ እየዞርን ተመለከትናቸው።

አልመንሱር የተባለው ኀያል ሹም በ997 የሳንቲያጎን ቤተ ክርስቲያን ዘርፎ፥ ደወሎቹን በክርስቲያን ምርኮኞች ትከሻ አስመጥቶ የመስጊዱ መቅረዝ እንዳደረጋቸው የጥንት ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ንጉሥ ፈርዲናንድ ሣልሳዊ በ1236 ከተማይቱን በያዘ ጊዜ ደግሞ፥ እነዚያኑ ደወሎች በሙስሊም ምርኮኞች ትከሻ አስመለሰ። ትከሻው ተለወጠ እንጂ ሸክሙ ያው ነበር። መስጊዱን ግን ሳያፈርስ ቤተ ክርስቲያን አደረገው።

በ1523 ጳጳሱ አሎንሶ ማንሪኬ መካከሉን አፍርሶ ካቴድራል ሊያሠራ ተነሣ። ክርስቲያኖቹ የከተማው ሹማምንት ራሳቸው፥ የሚፈርሰው ዳግመኛ እንዲህ ሆኖ አይሠራም ብለው፥ በሚያፈርስ ሠራተኛ ላይ የሞት ቅጣት ዐወጁ፤ ጳጳሱም አወገዛቸው። ክርክሩ ከንጉሠ ነገሥቱ ከካርሎስ አምስተኛ ዘንድ ደርሶ ለጳጳሱ ተፈረደ፤ ሥራውም እስከ 1607 ዘለቀ።

እኔ ከሹማምንቱ ወገን ነኝ። ባለቤቴ ግን፥ «ካቴድራሉ ባይገባበት ኖሮ ቀሪውም ዓምድ ባልተረፈ ነበር» ትላለች፤ በዚህ ነገር ሳንስማማ ወጣን።